የሚደርቅ ብቻ ይግባ፦ የስሪላንካ የብስክሌት ጉዞ ማስታወሻ

ከመነሳቴ በፊት

ስሪላንካን በብስክሌት ልዞር ነው ስል የሰማ ሁሉ ስለ ሙቀቱ ጠየቀኝ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ወበቁ ነው። ደረቅ ሙቀት ላይ ላብ ይተናል፤ ሲተን ሰውነትን ያቀዘቅዛል። አየሩ ራሱ እርጥበት ሲጠግብ ግን ላቡ መሄጃ ያጣል። ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ልብስ ላይ ይቀራል። ማታ ያጠባችሁት ካልሲ ጠዋት እንደረጠበ ይጠብቃችኋል። እርጥብ ልብስ ለብሶ ለሰዓታት ፔዳል መምታት ደግሞ ቆዳ ይልጣል። ስለዚህ ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት በአንድ መመዘኛ ነው፤ አንድ ሌሊት ተሰቅሎ የማይደርቅ ልብስ አይገባም።

በዚህ መመዘኛ መጀመሪያ የወደቀው ጂንስ ነው። የጥጥ ቲሸርቶቹም ተከተሉት። ጥጥ ላብን ይመጥጣል እንጂ በቀላሉ አይለቅም። ወፍራሙ ፎጣ ቀርቶ ስስ የስፖርት ፎጣ ገባ። ከጥጥ ወገን ያለፈው ነጠላ ብቻ ነው። ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። አንገትን ከፀሐይ ይጋርዳል፣ ቤተ መቅደስ ሲገባ ትከሻ ይሸፍናል፣ መኪና ውስጥ ማቀዝቀዣው ሲበረታ ይደረባል። ይህን ሁሉ እየሠራ ይህን ያህል ትንሽ ቦታ የሚይዝ ሌላ ዕቃ አላውቅም።

ጉዞው በአስጎብኚ የሚመራ ነው። ብስክሌቱን አዘጋጆቹ ያቀርባሉ፣ ሻንጣውን ከኋላ የሚከተል ሚኒባስ ይጭናል፣ ውሃና መለዋወጫም እዚያው አለ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "መኪና ካለማ ምን ቸገረኝ" ብሎ የቤቱን ግማሽ ይጭናል። እኔ በዚህ አልስማማም። በየማታው አዲስ ክፍል ውስጥ ያን ሁሉ ዘርግቶ ጠዋት መልሶ የሚያጥፈው ሾፌሩ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ፣ ያውም በደከመ ጉልበት። ሦስት የብስክሌት ቁምጣ፣ ሦስት ቶሎ የሚደርቅ ማሊያ፣ ሦስት ካልሲ በቂ ነው። አንዱ ይለበሳል፣ አንዱ ይደርቃል፣ አንዱ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ለማታ አንድ ሰፋ ያለ ስስ ሱሪና አንድ እጀ ሙሉ ሸሚዝ ይጨመራል። በቃ።

ቁምጣው ላይ ግን ገንዘብ አትቆጥቡ። መቀመጫው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት የብስክሌት ቁምጣ ማለቴ ነው። ከስሩ ፓንት አይለበስም። ይህን ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው ብዙ ስለሆነ በግልጽ ልናገረው። ቁምጣው የተሠራው በቀጥታ ቆዳ ላይ እንዲለበስ ነው። የፓንት ስፌት በመሐል ከገባ በላብ ርሶ እየፈገፈገ ያቆስላል። ከቁምጣው ጋር የሚሄድ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቅባት አለ፤ ጠዋት ጠዋት መፋተጊያ ቦታዎችን መቀባት ነው።

ለአዘጋጆቹ ቁመቴን አስቀድሜ ላክሁ፤ በልኬ ብስክሌት እንዲይዙልኝ። ፔዳሉ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ሄልሜት ይኖር እንደሆነም ጠየቅሁ። ሄልሜት አለ ብለውኛል፤ እኔ ግን የራሴን ይዣለሁ። የሌላ ሰው ሄልሜት ወድቆ ይሁን አይሁን ማን ያውቃል? አንድ ጊዜ የተመታ ሄልሜት ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። የራሴን መቀመጫና ፔዳልም ፈትቼ አስገባሁ። ቤት ያለውን ብስክሌቴን ከፔዳሉ ክንድ እምብርት እስከ መቀመጫው አናት በሜትር ለካሁና ቁጥሩን ስልኬ ላይ ያዝሁ። ከዕቃው ሁሉ ክብደት የሌለው፣ ጉልበትን ግን ከሕመም የሚያድነው ይህ ቁጥር ነው።

የወረቀቱ ጉዳይ አጭር ነው። ስሪላንካ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች የሚመጣን መንገደኛ የክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ የእኛም አገር ከነዚህ አንዷ ናት። ቢጫ ካርዱ ፓስፖርት ውስጥ ይግባ። የወባ መድኃኒት ግን አልያዝኩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 አገሪቱ ከወባ ነፃ መሆኗን አረጋግጧል። የሚያሰጋው ዴንጊ የተባለው የትኩሳት በሽታ ነው፤ እሱን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ቀን ነው። ስለ ውሻ ንክሻም ሐኪም አማከርኩ። ብስክሌት ያየ ውሻ የት አገር ነው ዝም የሚለው? የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት አስቀድሞ ይሰጣል፤ ቀናት ስለሚፈልግ ለመጨረሻ ሳምንት አይተውም።

በመጨረሻ የእጅ ሻንጣውን አዘጋጀሁ። ሄልሜት፣ የብስክሌት ጫማ፣ አንድ ቁምጣ፣ አንድ ማሊያ፣ መድኃኒት። ትልቁ ሻንጣ ቢዘገይ እንኳ በማግስቱ መንዳት እችላለሁ። ፓወር ባንክ የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። የመፍቻ ቁልፎቹ ደግሞ በትልቁ ሻንጣ ይሄዳሉ።

አንደኛ ቀን፦ ኔጎምቦ

ከአውሮፕላኑ በር ስወጣ አየሩ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ደጋ ያደገ ሰው ይህን አየር ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። ሰውነት ሙቀትን በደንብ ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስድበታል። ለዚህ ነው ጥሩ አዘጋጅ የመጀመሪያውን ቀን አጭር የሚያደርገው። የእኛም ቀን ብስክሌት መረከብና ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር ትንሽ መንዳት ብቻ ነበር።

ርክክቡ ላይ ጊዜ ወሰድሁ። መቀመጫዬን ገጠምሁ፣ በያዝሁት ቁጥር ልክ አቆምሁት። ፔዳሎቹን ስትገጥሙ የግራው ጥርስ በተቃራኒ እንደሚዞር አስታውሱ፤ በጉልበት ከታገላችሁት ጥርሱ ይበላል። ከዚያ ፍሬኑ። ስሪላንካ ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። በግራ በሚነዱ አገሮች ብዙ ጊዜ የፊት ፍሬን በቀኝ እጅ ነው የሚያዘው። ግራ እጄ የፊቱን ፍሬን የለመደ ስለሆነ ቆሜ ሁለቱንም ደጋግሜ ያዝኋቸው። በድንጋጤ ጊዜ እጅ የሚያደርገውን አስቦ አያደርግም። መለዋወጡ ከከበዳችሁ መካኒኩን ሽቦዎቹን አቀያይርልኝ በሉት፤ የኬብል ፍሬን ከሆነ ብዙ ሥራ አይደለም።

ኔጎምቦ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። በቦዩ ዳር ባለው ጠባብ መንገድ ሄድን። ጀልባዎቹ ቀለማቸው ደማቅ ነው፤ አሸዋው ላይ ዓሣ ተሰጥቷል። በግራ መንዳት መጀመሪያ የሚከብደው አደባባይ ላይ ነው። አስጎብኚያችን ከፊት፣ ረዳቱ ከኋላ ሆነው አሻገሩን።

ማታ የመጀመሪያው አጠባ ነበር። ይህን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ጉዞውን በሙሉ ያዳነኝ እሱ ነውና። ማሊያውንና ቁምጣውን ለብሼ ነው ሻወር የምገባው። ላዬ ላይ በሳሙና አሸዋለሁ፣ አወልቃለሁ፣ በደንብ አለቀልቃለሁ። የሳሙና ቅሪት በማግስቱ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላል። ከዚያ አልጨምቅም፤ መጠምዘዝ የቁምጣውን ስፖንጅ ያበላሸዋል። የሆቴሉን ደረቅ ፎጣ ወለሉ ላይ ዘርግቼ ልብሱን እላዩ ላይ አነጥፋለሁ። ሁለቱን አብሬ እጠቀልልና በባዶ እግሬ ከዳር እስከ ዳር እረግጠዋለሁ። ጥቅሉ ሲፈታ ፎጣው ከብዶ፣ ልብሱ ቀሎ ይገኛል። ቁምጣው ተገልብጦ ስፖንጁ ወደ ውጭ ሆኖ ከቬንትሌተሩ ፊት ለፊት ይሰቀላል። ለዚህ ብዬ ቀጭን ገመድና ጥቂት የልብስ መቆንጠጫ ይዤ ነበር። ጠዋት ሁሉም ደርቋል።

ሁለተኛ ቀን፦ ሲጊሪያ

በሚኒባስ ወደ መሐል አገሩ ሜዳ ገባን። ብስክሌቱ ላይ የወጣነው ከምሳ በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት መንዳት ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ከዚህ በኋላ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንነሳ ብለን ሁላችንም ተስማማን።

መንገዱ ግን ደስ ይላል። ቀይ አፈር፣ የሩዝ ማሳ፣ በየመንደሩ ጥንት የተገደበ የውሃ ማጠራቀሚያ። ሲጊሪያ ከሜዳው መሐል 180 ሜትር ያህል ብቻውን ተነስቶ የቆመ ድንጋይ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ካሻፓ አናቱ ላይ ቤተ መንግሥቱን ሠራ። ከሩቅ እያያችሁት ለብዙ ጊዜ ትነዳላችሁ፤ የሚቀርብ አይመስልም።

እዚህ ላይ የመሪው ቦርሳ ነገር ይነሳ። ትልቁ ሻንጣ መኪናው ውስጥ ነው፣ መኪናው ደግሞ ሁልጊዜ አጠገባችሁ የለም። በማሳ መሐል በሚያልፍ የእግር መንገድ ላይ መኪና አይከተልም። ስለዚህ እጀታው ላይ የሚታሰረው ትንሽ ቦርሳ ውስጥ የሚገባው በደንብ ይታሰብበት። የእኔ ይህን ይዞ ነበር፦ የፀሐይ ክሬም፣ የትንኝ መከላከያ፣ ጥቂት ከረጢት ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት)፣ ፕላስተር፣ ፓራሲታሞል፣ ስስ የዝናብ ጃኬት፣ ነጠላ፣ ዘርዘር ያለ ሩፒ፣ የሽንት ቤት ወረቀት። ስልኩ ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ። መጠባበቂያ የውስጥ ጎማ አስጎብኚው ቢይዝም አንድ እኔም ያዝሁ፤ ቦታ አይፈጅም።

ክሬሙ ቀድሞ ይቀባል፣ የትንኝ መከላከያው ከላይ። ክሬሙን በየሁለት ሰዓቱ መድገም ግድ ነው፤ ላብ ያጥበዋል። ክንዴን ግን በክሬም ብቻ አላመንኩትም። ከትከሻ እስከ አንጓ የሚጠለቅ ስስ ነጭ እጅጌ አለ፤ ውሃ ሲነካው ያቀዘቅዛል፣ ፀሐይንም ይከላከላል። የመከላከያው ዓይነትም ይለያያል። ዲት የሚባለው ትንኝን በደንብ ያባርራል፤ ፕላስቲክን ግን ያሟሟል። አንድ የጉዞ ባልደረባችን እጁን በዲት ቀብቶ መነጽሩን አስተካከለ። የአውራ ጣቱ አሻራ መስተዋቱ ላይ ታትሞ ቀረ፤ ቢያሸው ቢያሸው አይለቅም። ላስቲክነት ያለውን የስፖርት ልብስም ይጎዳል። እኔ ፒካሪዲን ያለበትን የመረጥሁት ለዚህ ነው፤ ዕቃ አያበላሽም።

ውሃ በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ውሃ ብቻ መጠጣት አይበቃም። ማሊያችሁ ላይ የሚታየው ነጭ ካርታ ከሰውነታችሁ የወጣ ጨው ነው። ጨው ሳይተካ ውሃ ብቻ በላይ በላዩ ሲጠጣ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀንሳል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም አደጋ ያመጣል። ከሁለት የውሃ ኮዳ አንዱ ኦአርኤስ ይሁን። ከረጢቱ ካለቀ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ነው። በየመንገዱ የሚሸጠውን ብርቱካንማ ኮኮናትም አትለፉት። በገጀራ አናቱን ገምሰው ይሰጧችኋል።

ሦስተኛ ቀን፦ ፖሎናሩዋ

በንጋቱ ተነስተን ሰዓቱን በደንብ ተጠቀምንበት። ጉም ሳይነሳ፣ ሳሩ ሳይደርቅ ብዙ መንገድ ተጋመሰ። ፖሎናሩዋ ከተማዋ የተተከለችው ትልቅ ውሃ ዳር ነው። ፓራክራማ ሳሙድራ ይሉታል፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ፓራክራማባሁ ቀዳማዊ ያስፋፋው ግድብ ነው። ከዳር ቆሞ ላየው ባሕር ይመስላል። ማሳዎቹ ዛሬም ከእሱ ይጠጣሉ።

ፍርስራሹን በብስክሌት መዞር ይቻላል፤ ርቀቱም ለብስክሌት ልክ ነው። ቅዱስ በሚባሉት ቦታዎች ግን ጫማም ባርኔጣም ይወልቃል፤ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል። ጫማ ማውለቁ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንግዳው ድንጋዩ ነው። ረፋድ ላይ ሲጋል እግር አያስረግጥም። ካልሲ ይፈቀዳል፤ ስለዚህ ወፈር ያለ ካልሲ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ቁምጣ የለበስን ሁሉ ወገባችን ላይ ጨርቅ አገለደምን። የነጠላዬ ጥቅም እዚህ ታየ።

ጋል ቪሃራ ላይ አራት የቡድሃ ምስሎች ከአንድ የድንጋይ ግድግዳ ተፈልፍለው ወጥተዋል። የተኛው ምስል ትራስ ላይ ጭንቅላቱ ያረፈበት ቦታ ሰርጎድ ብሏል፤ ድንጋይ መሆኑን ዓይን አያምንም። ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ለምስሉ ጀርባ ሰጥቶ መነሳት ግን እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ ሰልፊ ይቅርባችሁ።

አራተኛ ቀን፦ ወደ ካንዲ

ዛሬ ዝናቡ መጣ። መጋቢትና ሚያዝያ እዚህ በሁለቱ የዝናብ ወቅቶች መሐል ያሉ ወራት ናቸው። ጠዋቱ ጥርት ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይሰበሰባል። ማታሌን አልፈን አቀበቱን እንደጀመርን ሰማዩ ተቀደደ።

ስለ ዝናብ ልብስ ብዙ ይወራል። የእኔ ሐሳብ ይኸው፦ ቆላ ላይ ዝናብ ሲመጣ ጃኬት አትልበሱ። ዝናቡ ሞቅ ያለ ነው። ጃኬት ብትለብሱ ከውስጥ በላብ ትርሳላችሁ፣ እየነዳችሁ ትቀቀላላችሁ። ቶሎ የሚደርቅ ማሊያ ለብሶ መርጠብ ይሻላል። ጃኬቱ የሚያስፈልገው ቁልቁለት ላይና ቆማችሁ ስትጠብቁ ነው። ከጃኬት ይልቅ የሚጠቅመው ግንባር ላይ ጋረድ የሚያደርግ ስስ የብስክሌት ኮፍያ ነው፤ ከሄልሜት ስር ይለበሳል፣ ውሃው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ከኋላ የምትበራ ቀይ መብራትም ይኑራችሁ። በዚያ ዝናብ አውቶቡስ ሾፌር የሚያያት እሷን ብቻ ነው።

ሻንጣ ውስጥ ሁሉም ነገር በላስቲክ ተለይቶ መቀመጡ ዛሬ ጠቀመ። የመኪናው ጣሪያ ላይ ከታሰሩት ሻንጣዎች አንዱ ሸራው ተገልጦ ርሶ ነበር። ባለቤቷ ስትከፍተው ውስጡ ያለው አንድም ደረቅ ነገር አልተረፈም። የእኔ ልብስ በዓይነት በዓይነቱ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢት ባይኖር ጠንከር ያለ ፌስታል ይሠራል። አንድ ባዶ ፌስታል ለእርጥቡ ልብስ ሁልጊዜ ትርፍ ይያዝ፤ እርጥብና ደረቅ አንድ ላይ ከዋለ ሁሉም ይሸታል።

ጫማ ከሁሉም ይከብዳል። ውስጠኛውን ንጣፍ አውጥቼ ጋዜጣ ጠቀጠቅሁበት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አውጥቼ በደረቅ ቀየርሁት። ከመተኛቴ በፊት እንደገና። ጠዋት ከሞላ ጎደል ደርቆ ነበር። በሣሩ ያለፉ ሰዎች ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አልቅት አገኙ። አይጎዳም፤ በጥፍር ከጎን ገፋ ሲያደርጉት ይለቃል።

ማታ የቡድሃ ጥርስ አለበት የሚባለውን የካንዲን የጥርስ ቤተ መቅደስ አየን። ነጭ የለበሰ ሕዝብ አበባ ይዞ ይጎርፋል። ለማታ የያዝሁት ሱሪና ሸሚዝ ለዚህም ሆነ።

አምስተኛ ቀን፦ ኑዋራ ኤሊያ

አቀበት፣ ሻይ፣ አቀበት፣ ሻይ። የቀኑ ታሪክ ይኸው ነው፤ ግን ምን ያህል ያምራል! ለእኛ ለቡና አገር ሰዎች የዚህ ኮረብታ ታሪክ ይገርማል። ስሪላንካ ቀድሞ የቡና አገር ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ የቡና ዝገት የተባለው የቅጠል በሽታ እርሻውን አጠፋው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ቴይለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1867 ሉልኮንደራ ላይ ሻይ ተክሎ ነበር። ቡናው ሲሞት ኮረብታው ሁሉ ወደ ሻይ ዞረ።

ኑዋራ ኤሊያ 1,868 ሜትር ላይ ናት። ብዙ ሰው ሐሩር አገር ሲል ሹራብ አይታሰበውም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በግምት 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ቆላ ላይ ላብ ሲያሰምጠን የነበርን ሰዎች ማታ ላይ ተንቀጠቀጥን። እኔ አንድ ስስ የሱፍ ሹራብ ይዤ ነበር። ሱፍ ከመመዘኛዬ ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ ግን ስሱ ሱፍ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎም አይሸትም። ደጋ ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለውን ብርድ ስለምናውቀው በዚህ አንሸወድም።

ስድስተኛ ቀን፦ ኤላ

ቁልቁለት። ጠዋት ጃኬቱን፣ እጅጌውን፣ ጣት ሙሉ ጓንቱን ለበስሁ። ሁሉም አስፈለገኝ። ጣት ሲደነዝዝ ፍሬን መያዝ ይቸግራል። ወደ ታች በወረድን ቁጥር አንድ አንድ እያወለቅሁ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ከመነሳታችን በፊት መካኒኩ የፍሬኖቹን ሸራ አንድ በአንድ አየ። ይህን እንዲያደርግ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከሰዓት በኋላ እረፍት ነበር። በዴሞዳራ ያለውን ዘጠኝ ቅስት ያለው የባቡር ድልድይ በእግር ሄደን አየን። እ.ኤ.አ. በ1921 የተከፈተ ነው፤ ባቡሩ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ስልኩን ያነሳል። ካሜራ የያዛችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ማቀዝቀዣ ካለው ክፍል በቀጥታ ይዛችሁ ስትወጡ መስተዋቱ በጤዛ ይጋረዳል። ከመውጣታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት በቦርሳው ውስጥ እንዳለ በረንዳ ላይ አውጡት።

ዛሬ መቀመጫ ላይ የቆሰለ ሰው በግልጽ የሚናገርበት ቀን ሆነ። ቀናት ሲደማመሩ ይመጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ብስክሌት ላይ ሳይሆኑ የብስክሌት ቁምጣ ለብሶ አለመዋል። ልክ እንደደረሱ ማውለቅ፣ መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ሰፋ ያለ ልብስ መልበስ። እርጥቡን ቁምጣ ለብሰው ምሳ በልተው፣ ቡና ጠጥተው፣ ከሰዓት በኋላ የሚያወሩ ናቸው የሚጎዱት። ለዚህም ነው አንድ ሰፊ ቀሚስ ወይም ሱሪ ከላይ፣ በቶሎ የሚደረስበት ቦታ የሚቀመጠው።

ሰባተኛ ቀን፦ ኡዳዋላዌ

በራቫና ፏፏቴ በኩል ወደ ዌላዋያ ስንወርድ ወበቁ መልሶ ተቀበለን። በግራ በቀኝ ዛፍ፣ ከዚያ ሜዳ፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ አጥር። ኡዳዋላዌ እ.ኤ.አ. በ1972 የተከለለ ፓርክ ነው። ዝሆኖቹ አጥሩ ዳር ይቆማሉ። አስጎብኚያችን ከሩቅ አይቶ አስቆመን፤ አንድ ላይ ሰብስቦ፣ በመኪናው ተከልለን አለፍን። ፍሬ ሊሰጡ የሚጠጉ ሰዎች አየሁ። አይደረግም፤ ዝሆኑን መንገድ ማስለመድ ነው።

ስምንተኛ ቀን፦ ጋል

የባሕሩን ዳር ይዘን ወደ ጋል ገባን። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1588 የጀመሩት፣ ደቾች ያስፋፉት ምሽግ ነው። ብስክሌቱን ግንቡ ስር አቁመን በእግር ዞርነው።

ከዚያ ማሸግ። የባሕር ጨውና የላብ ጨው ብረት ይበላል፤ ስለዚህ ፔዳሉንና መቀመጫውን በንጹሕ ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ጥርሱን ትንሽ ቅባት ነካ አድርጌ ጠቀለልሁ። ጫማዬን በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፈተግሁ። እርጥብ ነገር ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ሲጓዝ ይሻግታል። የማይደርቀውን በፌስታል አስሬ ለብቻው አደረግሁ፤ ቤት እንደደረሰ በመጀመሪያ የሚከፈት።

ከያዝሁት ውስጥ የንባብ መብራቱን አንዴም አልነካሁትም። የመሰኪያ መቀየሪያ ግን ሁለት መያዝ ነበረብኝ፤ የስሪላንካ መሰኪያ ከእኛ ይለያል፣ በየማታውም ስልክ፣ መብራትና ፓወር ባንክ ለአንድ ቀዳዳ ይሰለፉ ነበር። ሦስት መውጫ ካለው ቻርጀር ጋር ከሆነ ግን አንዱ ይበቃል። የቅባቱ ቱቦ ደግሞ ስድስተኛው ቀን ላይ አለቀብኝ፤ ለእንዲህ ያለ ወበቅ ትልቁን ግዙ።